ለሁለት ልጆች አንድ ተዝካር

ወደ ሰቆጣ ለሚሄድ እንግዳ የሚያሳዩት ነገር ብዙ ነው። ከከተማው አቅራቢያ ከቋጥኝ ተፈልፍሎ የተሠራው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በዚያም የጥንት የዋግ ሹሞች እንደሆነ የሚነገርለት፣ ሳይፈርስ ደርቆ የቆየ አስከሬን ይታያል። ገበያ ሲወጣ የዋግን ነጭ ማር ያቀምሱታል፤ የአበርገሌን ፍየል ዋጋ ይነግሩታል። ስለ ጦርነቱ የጠየቀ እንደሆነም ወደ ተራራው በጣታቸው እያመለከቱ፣ «እዚያ ላይ ምሽግ ነበር፤ በዚህ በኩል ጦር አልፏል» ይሉታል።

በየቤቱ ውስጥ የቀረውን ጦርነት ግን ቁጭ ብሎ ቡና ለጠጣ ካልሆነ በቀር ለማንም አያሳዩም።

እኔም በ2011 ዓ.ም. ወደ ዋግ ኽምራ ስሄድ ሐሳቤ ስለ ቅርሱና ስለ ማሩ ለመጻፍ ነበር። ከሰቆጣ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ተጉዤ ደሃና ወረዳ አምደ ወርቅ ከተማ ከደረስኩ በኋላ ግን አንዲት እናት ቤት ገብቼ የሰማሁት ነገር ሐሳቤን አስቀየረኝ። ያን ጊዜ ሳልጽፈው የቀረሁትን ዛሬ ላጫውታችሁ።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት ልበል። ዋግ ከጥንት ጀምሮ የአገው ሕዝብ አገር ነው። ኽምጣና የሚባለው ቋንቋ ከአማርኛ ጎን ለጎን ይነገርበታል። በዋግ ሹም ማዕረግ የሚጠሩ ባላባቶች ሲያስተዳድሩት የኖሩ ሲሆን፣ ከእነርሱም አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው በሰቆጣ ገበያ በኩል ያልፍ ስለነበረ ከተማዋ በነጋዴ ዘንድ የታወቀች ነበረች። ተራራው ገደል ነው፤ ቆላው እስከ ተከዜ ይወርዳል። እንዲህ ያለው አገር ለገበሬ ከባድ ቢሆንም ለሸማቂ የተመቸ ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አገራችንን ለ17 ዓመታት ያመሳት የእርስ በርስ ጦርነት ዋግን ከነካቸው ቦታዎች አንዱ ያደረገውም ይኸው ነው። በኋላ ብአዴን የተባለው የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፣ በአጭሩ ኢሕዴን፣ በ1973 ዓ.ም. የተመሠረተው በእነዚሁ የዋግ ተራሮች ውስጥ ነበር። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ከተማው በመንግሥት ጦር፣ ገጠሩ በታጋዮች እጅ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ገበሬው በአንድ ሰሞን ለሁለት መንግሥት ያድር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንባቢያን ሆይ፣ የዚህ ዘመን ታሪክ ሲጻፍ የምናነበው ስለ ድርጅቶቹና ስለ ጦር አዛዦቹ ነው። ይሁንና ጦር በባዶ ሆዱ አይዋጋም። ዱቄቱን በሌሊት ይፈጭ የነበረው የማን ክንድ ነው? በታጋዮች እጅ በነበሩት የሰሜን ገጠሮች አውሮፕላን በመፍራት ገበያ በጨለማ ይቆም ነበር። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። በትግራይ የሐውዜን ገበያ በገበያ ቀን፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደብድቦ ብዙ ሕዝብ አልቋል። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ልጇን አዝላ፣ እህሏን ተሸክማ በሌሊት ወጥታ በሌሊት ትመለስ ነበር። ቀን ደግሞ ውኃው፣ እንጨቱ፣ እርሻውም ጭምር ይጠብቃታል፤ ወንዶቹ ወይ ተወስደዋል፣ ወይ ሸሽተዋል።

በዚህ ላይ የ1977ቱ ድርቅ ተጨመረ። ከዋግ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ዘግቶ በእግሩ ወደ ኮረም መጠለያ ተጓዘ። ያ መጠለያ በዚያው ዓመት በቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን ያስለቀሰው ነው። ወዲያውም በመላ አገሪቱ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሠፍር እናት ከልጅ፣ ባል ከሚስት የተለያየበት ጊዜ ሆነ። የዚያ ረኃብ ትዝታ እስከ ዛሬ አልጠፋም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች የሚገኙ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እንደሚታወቀው ሕፃን ከፅንሱ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ ያጣውን ምግብ በኋላ ቢመገብ ሙሉ በሙሉ አይተካውም። ስለዚህ ጦርነት ተኩስ ከቆመ በኋላም በልጅ ቁመት ላይ ይታያል ማለት ነው።

ወደ አምደ ወርቅ ልመለስ።

ወደዚያ ቤት ይዛኝ የሄደችው በሰቆጣ መምህርት የሆነች ወጣት ነበረች። አያቷን ልትጠይቅ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። እማማ በሰባዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ የሚገኙ፣ ቀጠን ያሉ፣ ዐይናቸው ደከም ያለ ቢሆንም ጆሯቸው ያልደከመ ሴት ናቸው። ቡና እስኪፈላ ድረስ ጭቃው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ፍሬም ስመለከት ጊዜ አዩኝና፣ «የልጄ ነው» አሉኝ። በትግሉ ለተሠዋ ልጃቸው የተሰጠ የሰማዕትነት ምስክር ወረቀት ነበር።

«አንድ ልጅ ነው የሞተብዎት፣ እማማ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ዝም አሉ። ቀጥለውም የልጅ ልጃቸውን፣ «አውርጂው እስቲ» አሏት። ፍሬሙ ወረደ፤ የኋላው ካርቶን ተነሣ። ከምስክር ወረቀቱ ኋላ አራት ላይ የታጠፈ፣ ጠርዙ የተበላ ደብዳቤ ነበር።

«ይኸ ደግሞ የታላቁ ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ግዴታ ከታወጀ በኋላ ታላቁ ልጃቸው ገበያ እንደወጣ ታፍሶ ተወሰደ። ባለቤታቸው በ1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ በበሽታ ሞቱ። እማማ የቀሩትን ሁለት ልጆች ማለትም ታናሹን ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1979 ዓ.ም. ታናሹ ልጅ አንድ ማታ በሬውን አስሮ ከወጣ በኋላ አልተመለሰም፤ ወደ ታጋዮቹ ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት ከታላቁ ልጅ ከአስመራ ደብዳቤ መጣ። እርሱ መጻፍ ስለማይችል ጓደኛው የጻፈለት ነው። «እናቴ ሆይ፣ እኔ ደኅና ነኝ፤ ታናሼን ትምህርት ቤት አስገቢው» ይላል።

«አስቢው እንግዲህ ልጄ» አሉኝ እማማ። «ያ ታናሼን አስተምሪው ይለኛል፤ ይኸኛው ጠመንጃ ይዞ ከርሱ ጦር ጋር ይዋጋል። ደብዳቤውን ለማን አሳያለሁ? ታጋዮቹ ቢያዩት የደርግ እናት እባላለሁ። የደርጎቹ ሰዎች ደግሞ ታናሹ የት እንዳለ ቢያውቁ ወየሁልኝ። እህል ጎታ ውስጥ ቀበርኩት።»

መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት በሻዕቢያ እጅ ከወደቀች በኋላ ከአስመራ ወሬ ጠፋ። በ1982 ዓ.ም. ታናሹ ልጅ በደብረ ታቦር አካባቢ በተደረገው ውጊያ ወደቀ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የታናሹ መርዶ በክብር መጣ፤ ወረቀቱም በኋላ ተሰጣቸው። የታላቁ ግን መርዶ የሚያመጣለት አልነበረም። የነበረበት ጦር ተበትኗል፤ የላከው መንግሥት የለም። ስም የሚጠራበት ዝርዝር፣ ደጁ የሚጠናበት ቢሮ አልተገኘም።

ዘመድ ሁሉ ለታናሹ ተዝካር እንዲያወጡ ቢመክራቸው እማማ እምቢ አሉ። «የታላቁን ሳላውቅ ታላቅ ቀርቶ ታናሽ ይቀድማል ወይ?» እያሉ ቆዩ። በ1984 ዓ.ም. አንድ የተበተነ ወታደር፣ ከኤርትራ ወደ ሱዳን ተሻግሮ የተመለሰ፣ ወደ ላስታ አገሩ ሲያልፍ ቤታቸውን ጠይቆ መጣ። ደብዳቤውን የጻፈው ጓደኛ እርሱ ነበር። አፋቤት ላይ ጓደኛው ሲወድቅ በዐይኑ ማየቱን ነገራቸው። እማማ ያን ቀን ካለቀሱ በኋላ በማግሥቱ ለጠላው ገብስ አሰጡ።

በአንድ ቀን፣ በአንድ ዳስ፣ ለሁለቱም ልጆች ተዝካር ወጣ። የታናሹ የትግል ጓዶች መጡ። ያ ወታደርም እንዲቀር ለምነውት ስለነበረ በዚያው ዳስ ውስጥ ተቀመጠ። ከጎረቤት መካከል ግን ያጉረመረመ አልጠፋም። «ከታጋይ ጋር የደርግ ወታደር ስም እንዴት አብሮ ይጠራል?» ያለ ነበር። እማማ ቄሱ ፊት ቆመው የመለሱት መልስ ይህ ነው፤

«ጡቴን ሲጠቡ ድርጅት አልነበራቸውም።»

ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። የትግል ጓዶቹም ወታደሩን አብረዋቸው እንዲበላ ወደ ገበታቸው ጠሩት። እማማ ሲያጫውቱኝ ድምፃቸው የተቆረጠው እዚህ ላይ ብቻ ነበር።

አንባቢያን ሆይ፣ ይህ የአንዲት እናት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሰሜን አገራችን ተራሮች ላይ በሚገኙ ከተሞች ለተሠዉት ታጋዮች ሐውልት ቆሟል፤ መታወሳቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከገበያ ታፍሶ ሄዶ የቀረው የገበሬ ልጅ በብዙ ቤት ውስጥ ከወረቀት ኋላ ታጥፎ ቀርቷል። ነገሩ በእኛ አገር የተጀመረም አይደለም። በስፔን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1936 እስከ 1939 በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፈው ወገን ሙታን በየመንገዱ ዳር ያለ ምልክት ተቀብረው ቀሩ። ከስድሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው መሬቱን እያስቆፈሩ አፅማቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ያልተለቀሰ ሙት ከቤት እንደማይወጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከአምደ ወርቅ ተመልሼ ይህን ሳልጽፍ ሁለት ዓመት አለፈ። ያለፈ ነገር ነው፣ ሰው ይረሳዋል ብዬ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ መሳሳቴን ተረዳሁ። ሰቆጣ በዚያው ዓመት ማብቂያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ቆየች። ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀሉ እጅግ ብዙ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት፣ ተጠለሉባት። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ሲፈረም ያቺን መምህርት በስልክ ፈልጌ አገኘኋት።

እማማ በ2012 ዓ.ም. በእርጅና ማረፋቸውን ነገረችኝ። ይህንን ጦርነት አላዩም። ፍሬሙ ለእርሷ ደርሷት ሰቆጣ ቤቷ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ከተማው ሊያዝ ሲል የስምንት ወር ልጇን አዝላ በእግሯ ስትወጣ ፍሬሙ ከብዷት መስታወቱንና እንጨቱን ትታ ሁለቱን ወረቀቶች ብቻ በአንቀልባው ውስጥ ከልጇ ጀርባ ጋር አድርጋ ወሰደቻቸው። ስትመለስ ቤቷ ተዘርፏል፤ ወረቀቶቹ ግን አሉ። አሁን ሰፋ ያለ ፍሬም አሠርታ ጎን ለጎን አድርጋ ሰቅላቸዋለች። ደብዳቤው እንደ ቀድሞው ከኋላ አይደለም።

«ልጄ ማንበብ ስትጀምር የምታነበው ሁለቱንም ነው» አለችኝ።

እናቶችና እኅቶች! የዚህ ጽሑፍ ምክርም ከዚህ አይርቅም። በየቤታችን የጦርነት ወሬ ለልጆች የምንነግረው በአብዛኛው እኛው ነን፤ ማጀት ውስጥ፣ እሳት ዳር፣ ሽሮ እያማሰልን። ልጁ ማንን መጥላት እንዳለበትም የሚማረው እዚያው ነው። ስለዚህ ታሪኩን ስትነግሩ ግማሹን አትንገሩ። አጎቱ በዚህ ወገን ከነበረና ሌላው አጎቱ በዚያ ወገን ከነበረ ሁለቱንም በስማቸው ጥሩለት። የቆየ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ካለ አትጣሉ፤ ከኋላው ስሙንና ዓመቱን ጻፉበት። አያቶች በሕይወት ሳሉ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ያልተለቀሰለት ካለም ዛሬም ቢሆን አልቅሱለት፤ ጊዜው አላለፈም።

የአምደ ወርቋ እናት ፊደል አልቆጠሩም፤ ጎረቤቱ ያልደፈረውን ግን በአንድ ዳስ ጨርሰውታል። እኛ ፊደል የቆጠርነው ከእርሳቸው ማነስ የለብንም።