ከፍታ፣ ቱርቦና የኦክቴን ቁጥር

እንደሚታወቀው አየር ሲታመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሁሉ የፓምፑ ጫፍ ሲግል አስተውሏል። እኛ ግን ይህን ቀላል እውነት ዘንግተን አንድ የሥራ ባልደረባችንን ለከባድ ወጪ ዳርገነዋል።

ባልደረባችን የገዛው መኪና ቱርቦ የተገጠመለት ነበር። በነዳጅ ማስገቢያው ክዳን ላይ «ቢያንስ ኦክቴን 95» የሚል ጽሑፍ አይቶ፣ ከዚያ ያነሰ ቤንዚን ቢጠቀም ይጎዳው እንደሆነ ጠየቀን። ለትምህርት በቆየንባት የኮሎራዶ ግዛት፣ አገሩ ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ከተለመደው ያነሰ ቁጥር ያለው ቤንዚን ይሸጣል። ይህን አስታውሰን «አዲስ አበባ ከዴንቨርም ትበልጣለችና አታስብ» አልነው። ከወራት በኋላ ሰው ሞልቶ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ፣ ሞተሩ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ሲናጥ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያሰማ ጀመር። ችላ ብሎ ሰነበተ። በመጨረሻ መካኒኩ ሞተሩን ሲፈታው አንዱ ፒስተን በቀለበቶቹ መካከል ተሰብሮ ተገኘ።

ለመሆኑ ስሕተታችን ምን ላይ ነበር?

የኦክቴን ቁጥር የነዳጁን ጉልበት አይለካም። የሚለካው ነዳጁ ሲታመቅና ሲሞቅ ያለጊዜው በራሱ ላለመቀጣጠል ያለውን ጽናት ነው። በመለኪያው አይሶኦክቴን 100፣ ኖርማል ሄፕቴን ደግሞ 0 ተብለዋል። በጤናማ ሞተር ውስጥ ካንዴላው የለኮሰው ነበልባል ድብልቁን ቀስ በቀስ እያዳረሰ ይሄዳል። ግፊቱና ሙቀቱ ከነዳጁ ጽናት በላይ ሲሆን ግን ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ በራሱ ጊዜ በድንገት ይቀጣጠላል። በዚህ የሚነሳው የግፊት ሞገድ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይመታል። ባልደረባችን የሰማው ድምፅ ይህ ነበር።

ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው በዙሪያው ያለውን አየር ብቻ ነው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ፣ ማለትም ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚደርሰውም ግፊት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ምክራችን ብዙም ባልከፋ ነበር።

ቱርቦ ግን በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ከፍታው የወሰደውን ግፊት ይመልሳል። ሞተሩ 160 ኪሎፓስካል ይፈልጋል እንበል። በባሕር ጠረፍ አየሩን 1.6 ጊዜ ማመቅ ይበቃል፤ በአዲስ አበባ ግን 2.1 ጊዜ ያህል ማመቅ ያስፈልጋል። የመጭመቂያውን ብቃት 70 በመቶ ብናደርገው፣ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የነበረው አየር በጠረፍ ወደ 80፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 120 ዲግሪ ይሞቃል። ማቀዝቀዣው ኢንተርኩለር ከዚህ ብዙውን ቢቀንስም፣ ከፍታው ለቱርቦ ሞተር እፎይታ ሳይሆን ተጨማሪ ሸክም መሆኑ ግልጽ ነው።

እርግጥ ነው፣ በዘመናዊ ሞተሮች ላይ የተገጠመ የድምፅ ጠቋሚ ንዝረቱን ሲሰማ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል፤ የቱርቦውንም ግፊት ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ጉልበት ይጎድላል፣ የነዳጅ ፍጆታም ይጨምራል። ሆኖም ጠቋሚው የሚሠራው ንዝረቱ ከተከሰተ በኋላ ነው። በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ድብልቁ ከብልጭታው ቀድሞ ሊቀጣጠል ይችላል፤ እንዲህ ያለው አንድ ክስተት ብቻውን ፒስተን ሊሰብር ይበቃል።

ስለዚህ «ቢያንስ» የሚለው ቃል ቀልድ አይደለም። ቁጥሩን ስናነብም ከየት አገር እንደመጣ እንመልከት፤ የአሜሪካኖቹ 91 በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች አቆጣጠር ከ95 ጋር ይቀራረባል። የተጻፈው ቤንዚን እስኪገኝ ድረስ ጭነት መቀነስ፣ በዳገት ማርሽ አስቀድሞ ማውረድ፣ ድምፁ ከተሰማም እግርን ከነዳጅ መርገጫው ማላላት ይገባል።

የባልደረባችንን የጥገና ወጪ ከፊሉን እኛው ከፍለናል። ከአንድ ሁኔታ የተገኘን ሕግ ሁኔታው ወደ ተለወጠበት ቦታ ስንወስድ ዋጋ እንደሚያስከፍል ለተማሪዎቻችን ዘወትር እንነግራቸዋለን፤ በዚያ ቀን ለራሳችን መንገሩን ረስተን ነበር።