ዶሮና በግ በጠባብ ጓሮ፦ የወላይታ ቤተ ሰብና የበዓል ገበያ

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በሶዶ ከተማ ዙሪያ ያለውን አገር ለሚመለከት ሰው አስቀድሞ ዓይኑን የሚስበው የቤቱ መቀራረብና የእርሻው መጣበብ ነው። የወላይታ ምድር ለም ነው፤ ነገር ግን ሕዝቡ በዝቶ መሬቱ ተከፋፍሏል። ብዙው ገበሬ የሚያርሰው ሁለት ጥማድ፣ ማለት ግማሽ ሄክታር እንኳ የማይሞላ ነው። በዚያው ላይ እንሰቱን፣ ስኳር ድንቹን፣ ጎደሬውን፣ በቆሎውንና ቡናውን ያፈራርቃል። ታዲያ ለላም የሚበቃ ግጦሽ ከየት ይምጣ?

ወላይታ ለመስቀል በሬ በማድለብ ስሙ የታወቀ አገር መሆኑን የማያውቅ የለም። በሬ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ቤት ግን የሚጀምረው ከታች ነው፤ እንቁላል ሸጦ ወይም አስታቅፎ ዶሮ ያደርገዋል፣ ዶሮዎቹን ሸጦ ግልገል ይገዛል፣ በጎቹ ሲራቡ ጥጃ ያስገባል። ይህም መሰላል የሚቆመው በአብዛኛው በቤቲቱ እመቤት እጅ ነው፤ የጨውና የበርበሬ፣ የልጆች ደብተርና የሕክምና ወጪ ከእንቁላሉና ከጫጩቱ ዋጋ ይወጣልና። ስለዚህ የጓሮውን ዶሮ «ትንሽ ነገር» ብሎ የሚያልፍ ሰው የቤቱን ሒሳብ አያውቅም ማለት ነው።

እኛ በዛሬው ጽሑፋችን በተለይ ልናመለክት የምንወደው ግን የጊዜውን ነገር ነው። በወላይታ የምግብ ችግር የሚጠናው ከየካቲት እስከ ሰኔ፣ ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ በቆሎ ሳይደርስ ነው። የበልጉ ዝናብ ሲዘገይና ስኳር ድንቹ ሲከሽፍ ምን እንደሚከተል በ1992 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ ታይቷል። በእነዚህ ወራት ቤተ ሰቡ እጁ ያጥርበትና ያለውን ዶሮና በግ ወደ ገበያ ያወጣል። ይሁን እንጂ ዐቢይ ጾምም የሚውለው በዚሁ ጊዜ ነው! ለ55 ቀን ሥጋና እንቁላል የሚገዛ ጿሚ የለም። እርግጥ ነው፣ በወላይታ ብዙው ሕዝብ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ስለ ሆነ የመንደሩ ገበያ ፈጽሞ አይዘጋም፤ ነገር ግን ከሶዶ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ጭኖ የሚሄደው ነጋዴ የሚገዛው የከተማውን ፍላጎት እያየ ነው። እንግዲህ የተቸገረው ሻጭ ብዙ፣ ገዢው ጥቂት በሆነበት ሰዓት የዓመት ድካም በርካሽ ይሄዳል። ያው ዶሮ ሁለት ወር ቢቈይ ኖሮ ለፋሲካ በምን ያህል ዋጋ እንደሚሸጥ እያንዳንዱ አንባቢ ከራሱ ቤት ወጪ ያውቀዋል።

ለዚህ መድኀኒቱ መፈልፈያውንና መውለጃውን ወደ በዓሉ አስልቶ ማስቀደም ነው። ዶሮ 21 ቀን ትታቀፋለች። ከ10 ቀን ያልበለጡና በቀዝቃዛ ስፍራ የተቀመጡ እንቁላሎች መርጣ ከመስቀል ማግስት የምታስታቅፍ እመቤት ጥቅምት 9 ቀን ገደማ ጫጩት ታያለች። ዝናቡ ጋብ ብሏል፣ ጭቃው ደርቋል፣ አዝመራውም እየገባ ነውና ለቀማ ሞልቷል። እነዚያ ጫጩቶች ለፋሲካ ስድስት ወር ያህል ይሞላቸዋል፤ ወንዶቹ ለገበያ፣ ሴቶቹ ለርቢ ይደርሳሉ። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ትጥላለች ተብላ ትነቀፋለች። የፈረንጅ ዶሮ በእርግጥ ከ200 በላይ ትሰጣለች፤ ነገር ግን የተገዛ መኖ ትፈልጋለች፣ መታቀፍም እምብዛም አይሆንላትም። ጓሮ ለሚጀምር ቤት በእኛ አስተያየት የአገሯ እናት ዶሮ ትሻላለች።

በግ አምስት ወር ታረግዛለች። ግንቦት 1 ቀን የተጠቃች በግ በመስከረም መጨረሻ ትወልዳለች፤ ግልገሉም ከክረምቱ ብርድና ከሳንባ በሽታ ይተርፋል፣ እናቲቱም ለምለም ሣር አግኝታ ወተቷ ይበዛል። ለዚህ ግን አውራውን ከሌላው ለይቶ ማሰር ያስፈልጋል። መኖው ከቤት አይጠፋም፤ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የእንሰት ቅጠል፣ ከጨንቻ ወገን የመጣውና በእርከን ላይ የሚተከለው ደሾ ሣር ለታሰረ በግ ይበቃሉ። ረግረግ ላይ ማሰማራት የጉበት ትል ያመጣልና እንዳይለመድ። ፍጉም አይጣል፤ ወላይቶች ዳርኮዋ የሚሉት በቤት ዙሪያ ያለው መሬት ከሩቁ እርሻ ይልቅ ለምቶ እንሰት የሚያበቅለው በዚህ ፍግ ነው። መግዣ የሌለው ቤትም ኮታ በሚባለው ልማድ ከሌላው ጋር ተካፍሎ ይይዛል።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን ፈንግል የገባ ዕለት ይፈርሳል። ፈንግል በጥቂት ቀን ውስጥ የመንደሩን ዶሮ ጠርጎ የሚወስድ በሽታ ነው። ዶሮዋ ታንቀላፋለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አንዳንዴም አንገቷ ይጠመዘዛል። አንድ ጊዜ ከያዘ የሚያድን መድኀኒት የለውም፤ በአፏ የሚጨመረው ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ለሰው ወጥ ቢውል ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣውም ዝናብ ሲገባና የበዓል ገበያ ሲደራ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከየቀበሌው የመጡ ዶሮዎች በአንድ ስፍራ ታስረው ይውላሉ፣ ያልተሸጠችውም በሽታውን ይዛ ማታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ስለዚህ ከገበያ የተመለሰችም ሆነች አዲስ የተገዛች ዶሮ ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻዋ ትቀመጥ።

ዋናው መከላከያ ክትባት ነው። በቢሾፍቱ ይዘጋጃል፤ በዓይን አንድ ጠብታ ይበቃል፣ በየአራት ወሩም ይደገማል። ሙቀትን ለጊዜው የሚታገሥ ዐይነትም ስላለ ማቀዝቀዣ ወደሌለበት ገጠር ሊደርስ ይችላል። እንቅፋቱ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚሆን መሆኑና ከተበጠበጠ በኋላ በዚያው ቀን ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው፤ ስድስት ዶሮ ያላት እመቤት ለብቻዋ ብታስመጣው አብዛኛው ይፈስሳል። ስለዚህ ጎረቤቶች ተነጋግረው አንድ ቀን ይቁረጡ፤ የመጀመሪያው ከዝናቡ በፊት በየካቲት ወይም በመጋቢት መግቢያ ቢሆን መልካም ነው። ለእንስሳት ጤና ባለሙያው የዶሮውን ቍጥር አስቀድመው ይንገሩ፤ በዚያ ቀን ጧት የቆጡ በር ሳይከፈት ይቈይ፣ ዶሮ ከተለቀቀ በኋላ መያዝ የልጆች ጨዋታ ይሆናልና።