መካሪ ሞልቶ አማካሪ ሲጠፋ

ለበዓል ወደ ትውልድ ቀዬዬ ወደ ጫጫ ስሄድ ከሁሉ የሚቸግረኝ ጥያቄ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። «የምክር አገልግሎት እሰጣለሁ» ስል ጎረቤቶቻችን እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዲት እናት «ለምክርማ ይከፈላል እንዴ ልጄ? እኛ ስንቱን በነፃ መከርነው!» ብለውኝ ቤቱ ሁሉ ስቋል፤ እኔም ስቄያለሁ። እውነታቸውን ነው፤ በእኛ አገር የምክር እጥረት የለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ሊደርሱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር በምትገኘው በዚህች ትንሽ ከተማ እንኳ አንድ ወጣት ዳቦ ገዝቶ እስኪመለስ ሦስት ሰው ይመክረዋል።

ይሁን እንጂ የእኔ ሥራና እሳቸው በነፃ የሚሰጡት ነገር ይለያያሉ። ችግሩ ሁለቱንም «ምክር» እያልን መጥራታችን ነው። ቋንቋችን ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። «መከረው» ስንል አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። «ተማከሩ» ስንል ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም ይሰማሉ። «ምክር ቤት» የምንለውም ሰዎች ተቀምጠው ነገሩን አንስተው ጥለው ውሳኔ ላይ የሚደርሱበትን ቤት ነው (ቢያንስ ሐሳቡ እንደዚያ ነው)። መካሪ ዘንድ የሚያውቀው መካሪው ነው። አማካሪ ዘንድ ግን ስለ ራሱ ሕይወት ከማንም በላይ የሚያውቀው ባለጉዳዩ ነው ተብሎ ይጀመራል፤ የአማካሪው ሥራ ያ ሰው የሚያውቀውን ነገር ራሱ እንዲሰማው መርዳት ነው።

ይህ በወሬ ደረጃ ቀላል ይመስላል። ስለዚህ የማውቀውን አንድ ቤት ላንሳ። ታሪኩን የምጽፈው በባለቤቶቹ ፈቃድ ነው፤ ስማቸውን ትቻለሁ።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲወጣ፣ በመላው አገሪቱ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ካልቀናቸው መካከል አንዱ የጫጫ ልጅ ነበር። ወሬው እንደተሰማ ምክሩ ጎረፈ። አባቱ «ለከርሞ ድገም፤ ወንድ ልጅ አንዴ ወድቆ አይቀርም» አሉት። አጎቱ «ከእኔ ጋር መኪና ላይ ውጣ፤ ረዳት ሆነህ ቆይተህ መንጃ ፈቃድ ታወጣለህ» አለው። አረብ አገር ያለች አክስቱ በስልክ «ፓስፖርት አውጣ» አለችው። ጎረቤት ደግሞ «ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሞልቷል፤ ሂድና ተመዝገብ» አለው። አንዱም መጥፎ ምክር አልነበረም፤ ሁሉም የመጣው ከፍቅር ነው። ልጁ ለሁሉም አንድ መልስ ነበረው፦ «እሺ»።

እዚህች «እሺ» ላይ ትንሽ ልቆይ። በሥራዬ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ይህቺን ያህል የምታታልል የለችም። አንዷ «እሺ» መስማማት ናት። ሌላዋ «በቃ፣ ተዉኝ» ማለት ናት። ለታላቅ ሰው «ተዉኝ» ማለት ነውር ስለሆነ ልጆቻችን «እሺ» ይላሉ፤ እኛም ምክራችን ገባላቸው ብለን ደስ ብሎን እንነሳለን።

ነገሩን ያስተዋሉት አያቱ ናቸው። ልጁ ከትሪው ላይ ቶሎ እጁን ያነሳል፤ ሌሊት ሲገላበጥ ያድራል። አንድ ቀን በዚያ በጫጫ ብርድ ጃኬቱን አውልቆ ለታናሽ ወንድሙ ሰጠው። «አንተስ?» ሲሉት «እኔ አያስፈልገኝም» አለ። በማግስቱ ስልኩንም ሰጠ። እማማ ደነገጡና ደወሉልኝ፤ «ና ምከረው» አሉኝ።

በሙያችን ለዘመድና አብሮ ላደገ ጎረቤት አማካሪ መሆን አይፈቀድም፤ ነገ በቡና ላይ የምንገናኝ ሰዎች ስለሆንን ልጁ ሆዱን ሊከፍትልኝ አይችልም። እንደዚያ ብዬ ነገርኳቸው። ነገር ግን ልብስና ስልክን ማከፋፈል ቀላል ምልክት ስላልሆነ ለነገ የሚቆይ አልነበረም። «እማማ፣ ዛሬውኑ እርስዎ ያነጋግሩት። ሲጠይቁት መልሱን አይሙሉለት። ዝም ሲል እርስዎም ዝም ይበሉ። ‹አይዞህ›ን ለኋላ ያቆዩት። መጨረሻ ላይ መሞት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁት» አልኳቸው።

ማታ ምድጃ ዳር ሱፋቸውን እየፈተሉ አጠገባቸው አስቀመጡት። ፊት ለፊት ቁጭ አድርገው ዐይን ዐይኑን እያዩት ቢሆን የሚናገር አይመስለኝም፤ እጃቸው ሥራ ላይ መሆኑ ረድቶታል። «ሌሊት ስትገላበጥ በሆድህ ምን ትላለህ?» አሉት። ብዙ ዝም አለ። እሳቸውም እንዝርታቸውን እያሾሩ ዝም አሉ። ቆይቶ «በሬውን ነው የማስበው» አለ።

አባቱ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ እንዲያጠና ብለው ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጠው ነበር። ውጤቱ በወጣ ሰሞን አባትየው ለበልግ እርሻ መቀናጆ ፍለጋ ከቤት ቤት ሲዞሩ ልጁ ያያቸዋል። የሚያንገበግበው ይህ ነበር። ስንቱ ሰው መክሮት አንድም ሰው ይህንን አላነሳም። ሁሉም የመለሱት «ከእንግዲህ ምን ይሥራ?» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ ልጁ ዘንድ ግን «ከእንግዲህ» የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ምክር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የሚመልሰው መካሪው ያየውን ችግር ነው።

ቀጥለው «መሞት አምሮህ ያውቃል ወይ?» አሉት። አለቀሰና «አንዳንዴ» አላቸው። ብዙ ወላጆች ይህን ጥያቄ የሚፈሩት «ያላሰበውን አሳስበዋለሁ» ብለው ነው። በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን መጠየቁ ሐሳቡን እንደማያመጣ ነው፤ እንዲያውም የሚጠየቀው ሰው ሸክሙ ቀለል ይልለታል። እማማ በዚያች ሌሊት «ኃጢአት ነው» አላሉትም፤ አልተቆጡትምም። ቤት ውስጥ የነበረውን የፀረ ተባይ መድኃኒት ጎረቤት ወስደው አስቆለፉበት፤ ከአጠገቡ ተኙ። ሲነጋ ይዘውት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን ወዳለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ተላከ።

ከባለሙያው ጋር ለሳምንታት ተገናኝቷል። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ማወቅም የለብኝም። የማውቀው ልጁ ራሱ አባቱን ጠርቶ ስለ በሬው እንደነገራቸው ነው። አባትየውም «በሬውን የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ ዕዳው የአንተ አይደለም» አሉት። ከዚያም ያን ዓመት ፈተናውን ላለመድገምና ከአባቱ ጋር ለማረስ ወሰነ። ይህን ማንም አልመከረውም። አባቱ እስካሁን አልተዋጠላቸውም፤ ባገኙኝ ቁጥር «አጥብቃችሁ ብትመክሩት ኖሮ ይማር ነበር» እያሉ ይሞግቱኛል። ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን ጃኬቱን መልሶ ለብሷል።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንላለን። ተረቱን ልብ ብላችሁ ከተመለከታችሁት ሁለት አስተማሪ ብቻ ነው ያለው፤ ታላቅ ሰውና መከራ። ልጁ ራሱ የሚያስበው ነገር ይኖር ይሆን የሚለው አልገባበትም።

በዘመናዊው የምክክር ሙያም ይህ ሐሳብ ዘግይቶ ነው የመጣው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ባለሙያው መመሪያ ሰጪነቱን ትቶ ባለጉዳዩን ያድምጥ ሲል ብዙ የሙያ ባልደረቦቹን አስደንግጧል። ለእኛ ለአያቶችና ለወላጆች ግን ከአሜሪካ ይልቅ የዚምባብዌው ታሪክ ይቀርበናል። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም አንዲት ወጣት ታካሚው ራሷን አጠፋችበት፤ ወደ እሱ ለመምጣት የአውቶቡስ መሳፈሪያ አጥታ ነበር። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ከተማ፣ ምባሬ በተባለ ሰፈር ከ14 አያቶች ጋር ሥራ ጀመረ። አያቶቹ ሠለጠኑ፤ በጤና ጣቢያ ግቢ፣ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደረገላቸው። የጨነቀው ሰው መጥቶ ከአጠገባቸው ይቀመጣል፤ እነሱም ችግሮቹን እንዲዘረዝር፣ አንዱን እንዲመርጥ፣ ለዚያ አንድ ችግር መፍትሔ ራሱ እንዲያመጣ ይጠይቁታል። «ድብርት» የሚለውን የሐኪም ቃል ትተው በራሳቸው ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» አሉት፤ ሐሳብ መብዛት ማለት ነው። እኛም «ሐሳብ ገባው» እንል የለ? በ573 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ከ6 ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የጭንቀትና የድብርት ምልክታቸው በእጅጉ እንደቀነሰ አሳይቷል።

እኛም ዘንድ ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ ከጋብቻ በፊት ለኤች አይ ቪ የተመረመራችሁ ሁሉ ቀምሳችሁታል። «በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የምክርና የምርመራ አገልግሎት» ይባል ነበር፤ ብዙዎቻችን ቪሲቲ እንለዋለን። ጥሩ ባለሙያ ከሆነች ስትገቡ «መመርመር አለብህ» አትልም። «ውጤቱ ቫይረሱ አለብህ ቢል መጀመሪያ ለማን ትነግራለህ?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ወይ ትመረመራላችሁ፣ ወይ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ። በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሲያነጋግሩ መርፌውን፣ እንክብሉን፣ በክንድ የሚቀበረውን ከነጥቅሙና ከነጉዳቱ አስረድተው ምርጫውን ለሴቲቱ እንዲተዉ ነው የሚሠለጥኑት።

ከሽምግልናም ጋር አይምታታብን። ሽማግሌ ሁለት ወገን አስታርቆ ፍርድ ይሰጣል፤ ካሳም ይቆርጣል። የንስሐ አባት ቀኖና ይሰጣል። ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። አማካሪ ግን ፍርድም ቀኖናም የለውም። እንዲያው ሰውን ወደ አማካሪ ልኮ «ይህን ንገርልኝ» ማለት ሽማግሌ መላክ ነው።

ከወላጆች ጋር ብዙ የምጋጨው በምሥጢር ጉዳይ ነው። ልጃቸውን ያመጣሉ፣ ይከፍላሉ፣ ሲወጣ «ምን አለህ?» ይሉኛል። አልናገርም። አንድ አባት «የከፈልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» ብለው ተቆጥተውኝ ሄደዋል። ንዴታቸው ይገባኛል። ግን ልጁ የተናገረው ነገር ማታ እራት ላይ እንደሚነሳ ካወቀ፣ እኔም «እሺ» ብቻ ነው የሚደርሰኝ። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ነው ብዬ ከሰጋሁ፣ ወይም እየተጎዳ ያለ ሕፃን ካለ ያኔ ምሥጢሩ አይጸናም፤ ይህንንም ለልጁ በመጀመሪያው ቀን እነግረዋለሁ።

ታዲያ ምክር ይቅር ማለቴ ነው? በፍጹም። የምዝገባ ቀን ነገ የሚያልቅ ከሆነ «ሂድ ተመዝገብ» ነው እንጂ «ምን ይሰማሃል?» አይባልም። ሕፃን እሳት ሲነካ አይማከሩትም። ደላላ በሱዳን በኩል ላሻግርህ ያለውን ወጣት መንገዱ ላይ የሚጠብቀውን የሚያውቅ ሰው ሊነግረው ይገባል። ሰው ያላወቀውን ነገር ሊያሳውቁት ሲሆን ምክር ተገቢ ነው። አጥንቼ ካልሆነልኝ፣ ባሌ ከተለወጠብኝ፣ እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ እንቅልፍ ካጣሁ ግን የጎደለኝ እውቀት አይደለም።

አማካሪ የምትፈልጉ ከሆነ በጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ካስፈለገ እነሱ ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። ትምህርት ቤቱ የተመደበ አማካሪ ካለው ጠይቁ። ስታገኙት ደግሞ እንደ ልብስ ለኩት፤ ከእናንተ ይልቅ እሱ የሚያወራ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ሰዓት «መፍትሔው ይህ ነው» ካላችሁ፣ የሌላ ደንበኛውን ታሪክ ካጫወታችሁ ሌላ ፈልጉ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ልጁ «እሺ» ብሎ ሊነሳ ሲል «ቆይ፣ እኔ አውርቼ ጨረስኩ፤ አንተ ገና አልጀመርክም» በሉትና ቡናውን ሁለተኛ አፍሉት። ምንም ላይናገር ይችላል። በሦስተኛው ስኒ የሚናገሩ አሉ።