ፈጣን እግር ብቻውን ኮሌጅ አያስገባም

ቤታችን ውስጥ አንድ ልጅ በሩጫ ወይም በኳስ ጎበዝ ከሆነ ወሬው ሁሉ ስለ ሜዳሊያው ነው፤ ደብተሩን የሚያገላብጥለት ጥቂት ነው። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ግን በስፖርት ስኮላርሺፕ ኮሌጅ ለመግባት ሲያስቡ ከእግራቸው እኩል ውጤታቸው ይመዘናል።

እዚያ የምትኖር የእህቴ ልጅ በምሽት ፈረቃ ትሠራለች። ልጇ ጥሩ ሯጭ ነው። 11ኛ ክፍልን ሊጨርስ ሁለት ወር ሲቀረው ደውላ፣ «አክስቴ፣ አሠልጣኞች ይፈልጉታል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ኮርስ ጎድሎታል አለኝ» አለችኝ። ሕጉን አብረን አነበብነው። ለሌሎች ወላጆችም ይጠቅማልና እነሆ።

የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ የተባለው ማኅበር ነው። በከፍተኛው እርከን በዲቪዥን አንድ ለመወዳደር ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን መጨረስ አለበት፦ እንግሊዝኛ 4 ዓመት፣ ሒሳብ ከአልጀብራ አንድ ጀምሮ 3 ዓመት፣ ሳይንስ 2 ዓመት፣ ከእነዚሁ ከሦስቱ ተጨማሪ 1 ዓመት፣ ማኅበራዊ ሳይንስ 2 ዓመት፤ ቀሪው 4 ዓመት ከእነዚሁ ወይም ከውጭ ቋንቋና ከመሳሰሉት ይሟላል። የእነዚህ ኮርሶች አማካይ ውጤት ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ስፖርትና ሥዕል ትራንስክሪፕቱን ቢያሳምሩም እዚህ አይቆጠሩም።

ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው በጊዜው ላይ ነው። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ናቸው። የ10ሩን ውጤት በ12ኛ ክፍል ደግሞ በመማር ማሻሻል አይቻልም። ይህን ያላሟላ ተማሪ 16ቱን በ2.0 ከጨረሰ ስኮላርሺፕ ሊያገኝ ይችላል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ግን አይወዳደርም።

የእኛ ልጅ የነበሩት 8 ነበሩ። የቀረው አንድ ክረምት ብቻ ነው። እናቱ መጀመሪያ ያገኘችው የኢንተርኔት ትምህርት ርካሽ ነበር፤ ማኅበሩ ከተቀበላቸው ኮርሶች ዝርዝር ውስጥ ስናየው ግን አልነበረም። ሌላ ፈለገች። ልጁ ጠዋት ሮጦ፣ ከሰዓት ተምሮ ሁለቱን ጨረሰ። አሁን 12ኛ ክፍል ነው፤ ስድስት ይቀሩታል። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበለው ገና አልታወቀም።

ዲቪዥን ሁለትም 16 ኮርስ ይጠይቃል፤ አማካዩ ግን 2.2 ነው። በዲቪዥን ሦስት የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም፤ መስፈርቱን የሚያወጣው ኮሌጁ ራሱ ነው። ማኅበሩ የኤስኤቲና የኤሲቲ ፈተናን ከ2023 ጀምሮ አይጠይቅም፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ለመግቢያ ሊጠይቅ ይችላል። የማኅበሩን መስፈርት ማሟላት ለመወዳደር ነው እንጂ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ማለት አይደለም።

ከኢትዮጵያ ለመሄድ የሚያስብ ወጣትም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን የውጤት ሰነድ ሳይጠፋ ያስቀምጥ፤ በአማርኛ የተጻፈው ይተርጎም። ትምህርት ጨርሶ ዓመታት በውድድር ብቻ ያሳለፈ፣ በኮሌጅ ከሚወዳደርባቸው ዓመታት ሊቀነስበት ይችላል።

በነርስነት ዘመኔ ካየሁት አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ከልምምድ መልስ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ይዞ የሚያመሽ ልጅ ጠዋት ሒሳቡም ሩጫውም ይደክምበታል።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርት ቤት ሂዱና ካውንስለሩን፣ «የልጄ ኮርሶች በኤንሲኤኤ ዝርዝር ውስጥ አሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አያሳፍርም። በየዓመቱ መጨረሻም ቁጠሩ። አያቶችም ስትደውሉ፣ «ስንተኛ ወጣህ?» ካላችሁ በኋላ፣ «ኮርስህስ ስንት ደረሰ?» በሉት።