ከቅጠሉ ጀርባ ያለው ማን ነው? የካምፓላን ወፎች በድምፅ መለየት

ካምፓላ ውስጥ ወፍ ማየት ብዙ አያስቸግርም። አባ ኮዳ ከቆሻሻ መጣያው፣ ጭልፊት ከሰማዩ አይታጣም። የሚያስቸግረው የሚዘምረውን ማየት ነው። ኮረብቶቿ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል በማይለያቸው የማንጎ፣ የአቮካዶና የሾላ ዛፎች የተሸፈኑ ስለሆኑ ዜማው ጎልቶ ሲሰማ ዘማሪው ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። የኡጋንዳ ስፋት የኢትዮጵያን ሩብ አይሞላም፤ ሆኖም ከ1,000 በላይ የወፍ ዝርያዎች ይገኙባታል። በዚህ ሁሉ መካከል ወፍ የሚያጠና ሰው ከዓይኑ በፊት ጆሮውን ማሠልጠን ግድ ይለዋል።

ለጀማሪ የሚቀሉት ስማቸውን ራሳቸው የሚጠሩት ናቸው። ሀዳዳ የምትባለው ረጅም መንቆር ያላት ኢቢስ ጎህ ሲቀድ በጣራዎች ላይ እየበረረች «ሃ-ዳ-ዳ» ስትል ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች። ዲድሪክ ኩኩም መጠሪያውን ያገኘው ከጩኸቱ ነው። ደረተ ቀዩ ኩኩ ደግሞ ዝናብ ሲቃረብ ከዛፍ አናት ተደብቆ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሦስት ፉጨቶችን ያለመታከት ይደጋግማል። ይህ ኩኩ በአገራችንም ስላለ፣ ካባላጋላ በተባለው የካምፓላ ሰፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ድምፁን ቀድሞ ያውቀው ይሆናል፤ መልኩን ግን ያየው ጥቂት ሰው ነው።

ከእነዚህ ውጭ ላሉት ልምድ ያለው ሰው ጥያቄዎቹን በተራ ያነሣል። ስንት ፉጨት ነው? ይወጣል ወይስ ይወርዳል? እየፈጠነ ይሄዳል ወይስ እኩል ይራመዳል? ከመሬት አጠገብ ነው ወይስ ከዛፉ ጫፍ? ሰዓቱስ? ቅንድበ ነጩን ሮቢን ቻት እንውሰድ። ማለዳና ማምሻ ላይ ከቁጥቋጦ ውስጥ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ዝግታ ይጀምራል። ያንኑ ሐረግ እየመላለሰ ድምፁን ደረጃ በደረጃ ያጎላና መጨረሻ ላይ ግቢውን ይሞላዋል። የዜማውን ጣዕም ብቻ የያዘ ሰው በማግስቱ ከሌላ ያምታታዋል፤ አነሣሡንና አወጣጡን የያዘ ግን አይሳሳትም።

ካምፓላ ጥሩ ትምህርት ቤት የምትሆነው ግን ጆሮን የሚያታልሉ ወፎችም ስላሏት ነው። ጎኖሌክ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ደማቅ ቀይ የሆነ ወፍ ነው። ከጥሻው ውስጥ ጥርት ያለ ፉጨት ይሰማና ወዲያው ጨርቅ ሲተረተር የሚመስል ሻካራ ድምፅ ይከተለዋል። ሰሚው አንድ ወፍ ነው ብሎ ይደመድማል፤ ነገር ግን ወንዱ ሲያፏጭ ሴቷ እየተቀበለችው ነው። የካምብሪጁ ተመራማሪ ዊልያም ቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጥናት፣ በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኙ የዚህ ወገን ጥንዶች በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ እንደሚቀባበሉ አሳይቷል። ሁለቱ ወፎች የሚታወቁት ተለያይተው ሲቀመጡና ድምፁ ከሁለት አቅጣጫ ሲመጣ ነው።

ሌላው ማታለያ የዚህ ተቃራኒ ነው። አናተ ነጩ ሮቢን ቻት የሌሎችን ወፎች ድምፅ፣ አንዳንዴም የሰውን ፉጨት ይቀዳል። ከአንድ ቁጥቋጦ የአምስት ወፎች ድምፅ ተከታትሎ ከወጣ፣ አምስት ወፍ ከመመዝገብ በፊት ትንሽ መቆየት ይበጃል። እውነተኛው ባለቤት የራሱን ዜማ ብቻ ሲደጋግም፣ ቀጂው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል።

ዛሬ ይህን ሥራ ስልክም ያግዛል። የአሜሪካው ኮርኔል የወፎች ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 መርሊን በተባለው መተግበሪያው ላይ ድምፅ የሚለይ አገልግሎት ጨመረ። መተግበሪያው ድምፁን ወደ ሥዕል ይቀይረዋል፤ ጊዜው ከግራ ወደ ቀኝ፣ የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከታች ወደ ላይ ይሰፍራል። የኩኩው ሦስት ፉጨቶች በዚህ ሥዕል ላይ እንደ ደረጃ የሚወርዱ ሦስት ሰረዞች ሆነው ይታያሉ። ፕሮግራሙ ይህን ሥዕል የሚለየው ቀደም ሲል በተማረባቸው ቅጂዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እንደተመሠረተው ዜኖ ካንቶ ያሉ የድምፅ ማኅደሮችም ማንም ሰው የቀዳውን ለሁሉም ክፍት አድርገዋል። ቅጂ በብዛት የተሰበሰበለትን ወፍ ማሽኑ በቀላሉ ይለያል፤ ቅጂው ጥቂት የሆነበትን ግን ከሌላ ሊያምታታው ይችላል። ስለዚህ ስልኩ የሰጠው ስም እንደ ጥቆማ ተይዞ ከቦታው፣ ከወቅቱና ከሰዓቱ ጋር ይመሳከራል።

ደግሞም እያንዳንዱ ቅጂ ዋጋ የሚኖረው አንድ ሰው ወፉን በዓይኑ አይቶ ወይም በአስተማማኝ መንገድ ለይቶ «ይህ የእርሱ ነው» ስላለ ነው። ለዚህ ከአገራችን ነጭ ሳር የበለጠ ምስክር አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አንድ የወፍ ክንፍ ተገኘ፤ በ1995 ሳይንስ በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ የናይትጃር ዝርያ ብሎ መዘገበው። ናይትጃሮች ጨለማ ውስጥ የሚበሩ፣ በመልክ የሚመሳሰሉና በዋነኛነት በድምፅ የሚለዩ ናቸው። የነጭ ሳሩ ግን ተለይቶ የታወቀ የድምፅ ቅጂ የለውም። በየሌሊቱ ሜዳው ላይ ቢጮኽ እንኳ፣ የሚጮኸውን ወፍና ያንን ክንፍ የሚያገናኝ ሰው እስኪገኝ ድረስ ጆሮም ሆነ ማሽን በስሙ ሊጠራው አይችልም።