የሥራ አጥ ገንዘብ የት ይጠየቃል?

በ2016 ዓ.ም ክረምት አንደኛ ዓመትን ጨርሼ ደባርቅ እረፍት ላይ ሳለሁ የአክስቴ ልጅ፣ «አንተ ጋዜጠኝነት አይደል የምትማረው? እስቲ የሥራ አጥ ገንዘብ የሚጠየቅበት ቢሮ የቱ እንደሆነ አጣራልኝ» አለኝ። እኔ ሳቅሁ፣ እሱ ግን አልሳቀም።

ደባርቅ ውስጥ በአንድ ሆቴል ስድስት ዓመት ሠርቷል። በኮሮናና በሰሜኑ ጦርነት የተጎዳው የስሜን ቱሪዝም ትንሽ ቀና ሲል በ2015 መጨረሻ በክልሉ ግጭት ተነሣ፤ እንግዳ ጠፋ። የካቲት 2016 ላይ «ቱሪስት ሲመጣ እንጠራሃለን» ብለው ወደ ቤቱ ሰደዱት። ደብዳቤ የለ፣ ሂሳብ የለ። አሜሪካ ያለ ዘመዳችን ደግሞ በኮሮና ጊዜ ቤቱ ቁጭ ብሎ ማመልከቻ ሞልቶ በየሳምንቱ ይከፈለው እንደነበር አውርቶለታል። ይኼ እውነት ነው። እዚያ ሥራ ያጣ ሰው ለግዛቱ መንግሥት አመልክቶ በየሳምንቱ የሚቀበልበት መድን አለ። በ2012 በወጣው ጊዜያዊ ሕግ ደግሞ አሠሪ የሌላቸው የታክሲ ነጂዎች ሳይቀሩ እንዲያገኙ ተደርጎ ነበር፤ ያ በ2013 መጨረሻ ቆሟል።

እኛ አገር እንዲህ ያለ ቢሮ የለም። ከደመወዛችን 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚሰበሰበው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ለእርጅና፣ ለጉዳትና ለሞት እንጂ ለሥራ ማጣት አይከፍልም። ታዲያ ምን አለ? የሥራ ስንብት ክፍያ አለ። ልዩነቱ የሚከፍለው መንግሥት ሳይሆን አሠሪው ራሱ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ካልጠየቁት ማንም አያመጣውም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከቤተ መጻሕፍት አውጥቼ አብረን አሰላነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ድርጅቱ ቢዘጋ፣ በቅነሳ ቢወጣ ወይም ያለ አግባብ ቢባረር ክፍያው ይገባዋል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን ሲሶ። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ሰው ስድስት ዓመት ከሠራ 3,000 ሲደመር አምስት ጊዜ 1,000፣ ማለትም 8,000 ብር። የወጣው በመዘጋት ወይም በቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፤ 14,000 ይሆናል። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ለብቻቸው ይታሰባሉ።

ሰዎቻችንን የሚያታልላቸው ግን «እንጠራሃለን» የምትለዋ ቃል ናት። ሕጉ አሠሪው ሲቸገር ሥራን ለጊዜው ማገድ ይፈቅዳል፤ ግን አሠሪው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት፣ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። የኛ ሰው አምስት ወር ጠብቋል። ከሥራ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል። ወደ ሥራ መልሱኝ ለማለትማ ያለው ሦስት ወር ብቻ ነው! «ሳምንት ና» የሚል የቃል ቀጠሮ ይርጋውን አያቆመውም፤ አሠሪው በጽሑፍ ካመነ ወይም ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ከቀረበ ግን ይቆማል።

ስለዚህ በማግስቱ ማመልከቻ ጻፍን። የተቀጠረበትን ቀን፣ ደመወዙን፣ ወደ ቤት የተሰደደበትን ቀን፣ የሚጠይቀውንም በዝርዝር። ሁለት ቅጂ አድርገን አንዱ ላይ የተቀባዩን ፊርማ አስፈረምን። የሥራ ልምድ ማስረጃም ጠየቀ፤ እሱን አሠሪው ያለ ክፍያ መስጠት ግዴታው ነው። እምቢ ቢሉት የሚቀጥለው የከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ነው። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር ደግሞ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ውል በወረቀት አልነበረውም፤ ግን የሥራ ውል በቃልም ይጸናልና የደመወዝ ፊርማውና የሥራ ባልደረቦቹ ምስክር ይሆኑታል። እውነቱን ለመናገር እሱን ከሁሉም በላይ የከበደው ፊርማ መጠየቁ ነበር። «ነገ ሥራ ሲከፈት ክፉ ሰው እባላለሁ» እያለ ሁለት ቀን አንገራግሯል።

ይህን ሁሉ ስናወራ አባቱ ምድጃው ዳር ሆነው ይሰሙ ነበር። እሳቸው አምባራስ ላይ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ እየጫኑ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉ። ተራቸው ሲደርስ ይወጣሉ፣ እንግዳው የቀን ሒሳብ ይከፍላል፣ አለቀ። «ለኔስ በየትኛው አንቀጽ ነው?» አሉኝ። አዋጁ የሚመለከተው በሥራ ውል ላይ የተመሠረተ ግንኙነትን ነው፤ እሳቸው ማንን አሠሪዬ ይላሉ? ማኅበሩን? ፈረንጁን? አስጎብኚውም፣ ምግብ አብሳዩም፣ ድንኳን ተካዩም በአብዛኛው እንደሳቸው ነው። ወረቀቶቹን ገልብጬ ፈለግሁ።

«ለእርስዎ የለም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እንግዲያ በቅሎዋን መሸጤ ነው» አሉ፣ ለመስከረም ገበያ።