የድምፅ አቅጣጫና ድምፅ ማጉያ፦ የላሊበላ «ቤዛ ኩሉ» ከአኮስቲክስ አንጻር

ኦርጋንና የኤሌክትሮኒክ ድምፅ በአንድነት በሚቀርቡባቸው የካቴድራል ኮንሰርቶች፣ ከድምፁ ጉልበት ይልቅ አሳሳቢ የሚሆነው የድምፁ መነሻ ነው። የኦርጋኑ ቧንቧዎች በአንድ ስፍራ የተተከሉ ናቸው፤ ድምፅ ማጉያ ግን በየትኛውም ጥግ ሊቆም ይችላል። ካርልሃይንዝ ስቶክሃውዘን እ.ኤ.አ. በ1956 በኮሎኝ ባቀረበው የኤሌክትሮኒክ ሥራ ድምፅ ማጉያዎችን በአድማጩ ዙሪያ በማቆም አቅጣጫን የሙዚቃው አካል አድርጎታል። በላስታ ላሊበላ ደግሞ አቅጣጫ የዜማ ሥርዓት አካል የሆነው ያለ ምንም ማጉያ ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የሚፈጸመው በሊቃውንቱ ድምፅ፣ በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ እንጂ በኦርጋን አይደለም። በየዓመቱ በልደት በዓል በቤተ ማርያም በሚቀርበው «ቤዛ ኩሉ» ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ከፊሎቹ «ማሜ ጋራ» በተባለው የዐለት አፋፍ ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች በቅጽሩ ውስጥ ቆመው ዜማውን ይቀባበላሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የኖሎት ምሳሌ ናቸው። ስለዚህ የድምፁ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ መመላለስ ራሱ ትርጓሜ አለው።

ቦታውም ለዚህ የተመቸ ነው። በድንጋይ ጣራ በተዘጋ ካቴድራል ውስጥ ድምፅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመለሰ ለበርካታ ሰኮንዶች ስለሚቆይ መነሻው ይደበዝዛል። የቤተ ማርያም ቅጽር ከዐለት የተፈለፈለ ቢሆንም እንዲህ ያለ ጣራ የለውም፤ በላዩ የቆመው መጠለያም ጎኖቹ ክፍት ናቸው። የሕዝቡ ነጠላና ጋቢ ደግሞ ድምፅን ይመጥጣል። በመሆኑም ገደል ማሚቶው አጭር ሲሆን አድማጩ ዜማው ከየት እንደመጣ በቀላሉ ይለያል።

ድምፅ ማጉያ ሲገባ ይህ ሚዛን ይለወጣል። የሰው ጆሮ አንድ ድምፅ በጥቂት አሥር ሚሊሰኮንዶች ልዩነት ከሁለት ስፍራ ሲደርሰው አቅጣጫውን የሚወስነው ቀድሞ በደረሰው ነው። ለምሳሌ ከአፋፉ ካህናት 17 ሜትር፣ ከማጉያው 5 ሜትር ርቆ የቆመን ምእመን እንውሰድ። ድምፅ በሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የካህናቱ ድምፅ በ50፣ የማጉያው በ15 ሚሊሰኮንድ ይደርሰዋል፤ በሽቦ የሚያልፈው ምልክት ጊዜ አይወስድም ማለት ይቻላል። በ35 ሚሊሰኮንድ የቀደመው ማጉያ፣ ድምፁም የጎላ ስለሆነ፣ የአድማጩን ጆሮ ወደ ራሱ ይስባል። ዓይን ካህናቱን በአፋፉ ላይ ያያል፤ ጆሮ ግን ዜማውን ከምሰሶው ይሰማል። የላይኛውና የታችኛው ወገን ድምፅ በአንድ ማጉያ ሲወጣ ደግሞ ቅብብሉ ከአንድ አፍ የወጣ ይመስላል።

መፍትሔው መሣሪያውን ማስወገድ ላይሆን ይችላል፤ የሕዝቡ ብዛት ማጉያን ግድ የሚልበት ጊዜ አለ። የማጉያውን ምልክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማዘግየት ይቻላል። በምሳሌው 50 ሚሊሰኮንድ ያህል ቢዘገይ የካህናቱ ድምፅ በ15 ሚሊሰኮንድ ይቀድማል፤ ማጉያው በመጠኑ ቢጎላ እንኳ አድማጩ ዜማውን ከአፋፉ የመጣ አድርጎ ይሰማዋል። መዘግየቱ እንደ አድማጩ ስፍራ ስለሚለያይ ከአንድ ኃይለኛ ማጉያ ይልቅ በየቦታው የተተከሉ፣ በየራሳቸው ልክ የዘገዩ አነስተኛ ማጉያዎች ይመረጣሉ።

ለምርምር በሚደረግ ቀረጻም ሁለቱ ወገኖች በተለያየ መስመር ቢቀዱ ይበጃል። በአንድ መስመር የተቀዳ «ቤዛ ኩሉ» ዜማውን ያቆያል፤ ከላይ የተዜመው የትኛው፣ ከታች የተመለሰው የትኛው እንደሆነ ግን ለኋላ ተመራማሪ አይነግረውም።